አባቴ ቶግን የሞገተ ጊዜ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሜሮን ከባሕር ዳር ስትመጣ በላስቲክ የታሸገ ትልቅ ብርድ ልብስ ተሸክማልኝ መጣች። ደብረ ታቦር በታኅሣሥ ለማንም አታዝንም፤ እኔም ውርጭ ሊወርድ ሲል ጉልበቴ ቀድሞ የሚነግረኝ ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ሜሮን ላስቲኩን ቀድዳ ስትዘረጋው ብርድ ልብሱ አልጋውን አልፎ ወለሉ ላይ ተረፈ። ሲያዩት የሚከብድ ይመስላል፣ ሲያነሡት ግን ምንም የያዙ አይመስልም። ጠርዙ ላይ ጣት የምታህል ጨርቅ ተሰፍታለች፤ ቁጥር አለባት፤ ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል።

«እማማ፣ ይቺ ምን ማለት ናት? ሻጩን ብጠይቀው ዝም ብሎ የፋብሪካ ቁጥር ነው አለኝ» አለች።

መነጽሬን አድርጌ ሳነበው ሳቄ መጣ። «ቶግ» ይላል። ይህን ቃል ከሰማሁት ስንት ዘመኑ!

«ይኼማ አባቴ የሞገተው ነው» አልኳት።

ሜሮን ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘኔታ ነበር፤ አያቴ ዛሬስ ጃጀች ማለቷ ነው። እንዳልጃጀሁ ለማስረዳት ታሪኩን ከሥሩ ልነግራት ግድ ሆነብኝ። ለእሷ የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ፤ ከወገዳ ወረድ ብላ ካለች፣ ማሽላና ጤፍ ከሚበቅልባት ሞቃታማ መንደር። በዚያን ጊዜ በእኛ በኩል ከፍ ያለ ክፍል ስላልነበረ፣ መማር የፈለገ ልጅ ንፋስ መውጫ ወጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤቱ እያስመጣ መማር ነበረበት። ለወንድ ልጅ እንኳ ከባድ ነበር፤ ሴት ልጅ ስትሄድማ አገር ያወራል። አባቴ አያ ታከለ ግን ወሬ የሚፈራ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ወሬ ሲነሣበት ደስ የሚለው ይመስለኛል፤ መልስ የሚሰጥበት ምክንያት ያገኛላ።

አባቴ ሙግት ይወድ ነበር። የራሱ ጉዳይ ባይኖረው የሰው ጉዳይ ሊሰማ ብቻ ወገዳ ፍርድ ቤት ድረስ ይወጣል። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ «ይጠየቁልኝ!» ያለ ጊዜ ባላጋራው ቀርቶ ዳኛው ራሱ ቁጭ ያለበትን ያስተካክላል። እኔን ትምህርት ቤት የላከኝም ለሌላ ነገር አልነበረም። «ሕጉን አንብባ የምትነግረኝ ልጅ እፈልጋለሁ፤ ሌላው ሰው ሲያነብልኝ የሚጥለኝን ቃል ይዘላል» ይል ነበር። ወንድሞቼ ለእርሻው ስለሚያስፈልጉት ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ዕድሌ ነው፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ንፋስ መውጫ የተከራየሁት ከእትዬ ዘርፌ ግቢ ነበር። እትዬ ዘርፌ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጠላ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከግቢው አጥር አልፎ የሚሰማ ደግ ሴት ነበሩ። የእኔ ክፍል ከዋናው ቤት ጀርባ የተለጠፈች አንዲት ጎጆ ናት። ውስጧ ከጭቃ የተሠራ መደብ አለ፤ እሱ ነው አልጋዬ። ከጉና ተራራ የሚነሣው ነፋስ በማገሩ መሐል አልፎ፣ መደቡን ዳስሶ፣ በበሩ ሥር ይወጣል። በሶዬን በጥብጬ፣ ቆሎዬን ይዤ፣ እግሬን ከሥሬ አጥፌ ሳጠና አሁንም ይታየኛል። ምግቡ አልጎደለኝም፤ እናቴ የላከችው ሽሮና ድርቆሽ ከእኔም አልፎ ለጓደኞቼ ይበቃ ነበር። የጎደለኝ ሙቀት ነው።

አባቴ ይህን አላወቀም ማለት አይደለም። ስንቅ ይዞ በመጣ ቁጥር «በረደሽ?» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «ምንም አይል» እላለሁ። እውነቱን ብናገር ይዞኝ እንደሚመለስ አውቃለሁ። እሱም አላመነኝም መሰለኝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ልብስ ጨምሮ ይመጣል። መጀመሪያ ጋቢ አመጣ። ቀጥሎ ከጉና ሥር አሠርቶ፣ ከባድ የሱፍ ባና አመጣ፤ ሙቅ ውሃ እየፈሰሰበት በእግር ተረግጦ ተረግጦ እንደ ሳንቃ የጠነከረ። በመጨረሻ የራሱን በርኖስ ከላዩ አውልቆ ሰጠኝ። ሁሉንም ከላይ እደርባለሁ። ከበታቼ ግን ከቤት ይዤው የወጣሁት ቁርበት ብቻ ነበር። ዳልቻ የሚባለው በሬያችን ቁርበት ነው፤ አባቴ ለሌላ ልጅ የማይሰጠው፣ ለእኔ የሰጠኝ ክብር። እቤታችን በዚያ ቁርበት ላይ ተኝቶ የበረደው ሰው የለም፤ መደባችን ከምድጃው ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው፤ የተዳፈነው እሳት ሌሊቱን ሙሉ ጭቃውን ያሞቀዋል። ንፋስ መውጫ ላይ ግን ከቁርበቱ ሥር እሳት የለም። እኔም፣ አባቴም፣ ማንም ይህን አላሰብነውም።

የሳይንስ መምህራችን ሚስተር ማቲው ይባሉ ነበር። የደቡብ ሕንድ ሰው ናቸው፤ አገራቸው ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው። ብርዱ ከእኛ ከተማሪዎቹ ይልቅ የጎዳው እርሳቸውን ነበር። ሁለት ሹራብ ይደርባሉ፣ በላዩ ኮት፣ በኮቱ ላይ ጋቢ፤ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ የሚታየን ጠመኔውና የጣታቸው ጫፍ ብቻ ነው። ደግነቱ ስለ ብርድ ማሰብ የጀመሩት ንፋስ መውጫ መጥተው አይደለም። በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር ጨርቅ በሚመረመርበት ቤት ሠርተው ነበርና ስለ ልብስ ሲያወሩ ሌላ ሰው ይሆናሉ።

«ልብስ አያሞቅም» አሉን አንድ ጠዋት፣ ክፍሉ ሁሉ እጁን እያሻሸ ሳለ። «የሚያሞቃችሁ የራሳችሁ ገላ ነው። የልብስ ሥራ ማዘግየት ብቻ ነው።»

ሰሌዳው ላይ አንድ ሰው ሣሉ፤ ከሰውየው ወደ ውጭ የሚሄዱ ቀስቶች አደረጉበት። ብርድ የሚባል ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም፣ ሙቀት ነው ወጥቶ የሚሄደው አሉ። እኛ ዓይናችን ፈጠጠ። በእኛ አገር ብርድ ይገባል፣ ይመታል፣ ወገብ ላይ ተቀምጦ ይከርማል። ሲወጣ ያየነው ሙቀት የለም።

ከዚያ መለኪያዎቹን ነገሩን። አንዱ ክሎ ይባላል። ኮትና ሱሪ የለበሰ ሰው ነፋስ በሌለበት ክፍል ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ፣ ሳይሞቀውም ሳይበርደውም ከቆየ የለበሰው ልብስ አንድ ክሎ ነው። ሌላው ቶግ ነው፤ ቶግ ከክሎ ያንሳል፤ አንድ ክሎ አንድ ቶግ ተኩል ያህል ይሆናል። ቶግ ደግሞ ይደመራል፤ አንድ ቶግ ባለው ልብስ ላይ ሦስት ቶግ ያለው ብትደርቡ አራት ሆነ ማለት ነው። ከሁሉ የገረመኝ መጨረሻ ላይ ያሉት ነው። «ሙቀቱን የሚያዘገየው ሱፉ አይደለም፤ በሱፉ መሐል ታግቶ የቆመው አየር ነው። አየሩን ከተጫናችሁት ቶጉ ይሞታል።» በዚያን ቀን ነገሩን የሰማሁት እንደ ማንኛውም ትምህርት ነው። ለፈተና እንጂ ለኑሮ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

በኅዳር መጨረሻ ሳል ያዘኝ። መጀመሪያ ቀላል ነበር፤ በኋላ ግን አላስተኛ አለኝ፤ ደረቴን ይወጋኛል፣ ከክፍል ቀረሁ። እትዬ ዘርፌ በሰው ለአባቴ ላኩበት። ሚስተር ማቲውም ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሊጠይቁኝ መጡ። ተቀምጠው ጥቂት እንደቆዩ ዓይናቸው መደቡ ላይ ቀረ። እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ከቁርበቱ ሥር ሰደዱና ወዲያው መለሱት።

«ስንት ጊዜ ነው እዚህ ላይ የተኛሽው?» አሉኝ።

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

«ከላይሽ ስድስት ቶግ ያህል አለሽ። ከበታችሽ ግን ግማሽ እንኳ የለሽም።» ምክንያቱንም አስረዱኝ፤ ፀጉሩ ያለቀ ቁርበት ነው፣ የቀረውንም ገላዬ ተጭኖታል፤ ሙቀቴ ሁሉ ወደ ጭቃው እየፈሰሰ ነው። ከላይ ሌላ ተራራ ቢቆለልብኝ ለውጥ አያመጣም።

አባቴ በማግስቱ ደረሰ። ይዞት የመጣው ግን ስንቅ ሳይሆን ቁርጥ ነገር ነበር። ወገዳ አካባቢ ያሉ ደህና ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀውኛል፤ እስከዚያን ቀን ሲያመነታ የነበረው አሁን ቆርጧል። «ሦስት ልብስ ደርባ የምትተኛ ልጅ በብርድ አትታመምም» አለ። «ይኼ የብርድ ሳል አይደለም፤ ማንበብ ነው ደረቷን ያደከመው፤ የከተማ ሰው ዓይንም አለበት። እቤቷ ትግባና ትዳን። ጥር ሲደርስ ደግሞ ሠርጓ ይሆናል።» ሠርግ ሲል ደስታ በድምፁ ውስጥ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ሁለት ሕፃናት በሳል የሞቱበት ሰው ነው። እኔ ግን ስምንተኛን ጨርሼ መምህርት እሆናለሁ ብዬ ነበር፤ ያ ሁሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር አለቀ።

ሚስተር ማቲው ዳግም ሊጠይቁኝ መጥተው ግቢው ውስጥ ነበሩ። ምን እንደተባለ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። ሕመሙ ብርድ ነው፣ ብርዱም ከበታቿ ነው፣ ንገሪው አሉኝ። ነገርኩት። የአባቴ ፊት ተለወጠ። ልጅህን አስበርደሃታል ማለት ለእሱ ስድብ ነው።

«በዳኛ!» አለ፣ ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ።

በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ሁለት ሰው ካልተግባባ የመጀመሪያውን አዋቂ አላፊ አግዳሚ ዳኛ ማድረግ የተለመደ ነው። በዚያን ሰዓት ከቅዳሴ ሲመለሱ በአጥሩ በኩል ያልፉ የነበሩት የቅኔው መምህር መሪጌታ ይባቤ ነበሩ። ተቀመጡ ተባሉ፤ ከወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። የጠላ ቤቱ ሰው ሁሉ ወጣ። አስተርጓሚ ጠፋ፤ ከእኔ ሌላ እንግሊዝኛ የሚደፍር የለም። በራሴ ጉዳይ በሁለት ሰዎች መሐል ቆሜ፣ እያሳልኩ፣ ማስተርጎም ጀመርኩ።

«ልጅቱ በርዷት አይደለም፤ በርዷት ከሆነ ተረትቼ አንድ ጉንዶ ማር እከፍላለሁ!» አለ አባቴ።

«በየትኛው ጉንዶ?» አሉ መሪጌታ። «የስማዳው ማር መስፈሪያ እዚህ ካለው ከጋይንቱ ያንሳል ሲሉ እሰማለሁ።»

ሰው ሳቀ። አባቴ በጋይንቱ አለ፤ ለክብሩ ሲል።

«አሁን ይጠየቁልኝ» ብሎ ወደ መምህሩ ዞረ። «ይኼ ቶግ የሚሉት መስፈሪያ ቁና ነው ወይስ ክንድ?»

«ሁለቱም አይደለም» አሉ ሚስተር ማቲው በእኔ አፍ። «ልብስ ሙቀትን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚለካበት ነው። ከዘመዱ ከክሎ ጋር...» እያሉ የዚያን ኮትና ሱሪ የለበሰ ሰውዬ ነገር አስረዱ።

አባቴ የሚረታበትን ያገኘ መሰለው። «ማነው ሰውዬው? ወፍራም ነው ቀጭን? በልቶ ነው የተቀመጠው ወይስ ጾሞ? እኔ ጨርቅ ስገዛ ወንድሜን ካሣን ይዤ ነው ገበያ የምወጣው፤ ክንዱ ከሁላችን ይረዝማላ! ሸማኔው ደግሞ አጭር ክንድ ያለውን ልጁን ያመጣል። እኛ ሁለታችን እንተዋወቃለን። እኒያን ሰውዬ ግን ማን ያውቃቸዋል?»

ይህን ስተረጉም ሚስተር ማቲው መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና አባቴን በአክብሮት አዩት። «ጥያቄው ልክ ነው በያቸው» አሉኝ። «በዚሁ ምክንያት ቶግን የምንለካው በሰው አይደለም። ጨርቁን በጋለ ብረትና በቀዘቀዘ ብረት መሐል እናደርገዋለን። በጨርቁ ውስጥ ምን ያህል ሙቀት እንዳለፈ፣ በሁለት ፊቱ መሐል ምን ያህል የሙቀት ልዩነት እንደቆመ እናያለን። ብረት አይወፍርም፤ ብረት አይጾምም።»

«ብረት አይጾምም ይላሉ» አልኩ።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ግን አልተረታም። «ያላየሁትን መስፈሪያ አልቀበልም!»

«ታከለ» አሉ መሪጌታ ረጋ ብለው፤ «እኛ ቀኑን በስድሳ ኬክሮስ ከፍለን፣ አስልተን፣ ጾሙ በዚህ ቀን ይገባል ስንልህ ትጾማለህ። ኬክሮስን አይተኸው ታውቃለህ?»

አባቴ ዘንጉን ነቅሎ እንደገና ተከለና «ማስረጃ ይምጣ!» አለ።

ከዚያ ማስረጃው መጣ። ሚስተር ማቲው ሁለት እኩል ጣሳዎች አስመጡ፤ የፈላ ውሃ ተሞላባቸው። አንዱ መደቡ ላይ በቁርበቱ ላይ ተቀመጠ፤ ሌላው ከእትዬ ዘርፌ አህያ ቤት በመጣ የገብስ ጭድ ላይ። ከላይ ሁለቱም እኩል ተሸፈኑ። የተቆጠረ ጊዜ ካለፈ በኋላ ተገልጦ ቴርሞሜትሩ ገባ። የቁርበቱ ጣሳ ቀዝቅዟል፤ የጭዱ ግን ገና እጅ ያቃጥላል። ሚስተር ማቲው ቶጋቸውን ከሚያውቋቸው ጨርቆች ጋር እያስተያዩ አሰሉና፣ ልጅቱ ከበታቿ አራት ቶግ ያህል ይጎድላታል አሉ።

አባቴ ቴርሞሜትሩን አላመነም። ጣቱን በሁለቱም ጣሳ ነከረ። ትንሽ አሰበና ቀና አለ።

«ውሃ ሰው አይደለም። ውሃ በረደኝ ብሎ አይመሰክርም። እኔ እመሰክራለሁ፤ ዛሬ እዚህ የምተኛው እኔ ነኝ። ሦስቱን ልብሶች ስጡኝ። ፍርዱ ነገ ይሁን።»

መሪጌታ ተስማሙ። እኔን እትዬ ዘርፌ ጠላ ቤታቸውን ዘግተው እምድጃው ዳር አስተኙኝ። ከዚያ በፊት እዚያ አድሬ አላውቅም፤ ሰካራም በሚያመሽበት ቤት ተማሪ ልጅ አደረች ቢባል ስሜ አይተርፍም ነበር።

ሲነጋ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። የገብስ ገንፎ በገበታ ይዤ ወደ ጎጆዬ ስሄድ አባቴ ውጭ፣ ፀሐይ በምትመታው ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ጋቢውንም፣ ባናውንም፣ በርኖሱንም ሁሉ ተከናንቧል። እንደምን አደሩ ስለው አልመለሰም። ገንፎውን አልነካውም፤ ዕቃውን ብቻ በሁለት እጁ አቀፈው። አተኩሮ ሲያየኝ ቆየ።

«ልጄ» አለኝ። «እዚህ ላይ ነው የምትተኚው?»

የተንሸራተተውን ባና ትከሻው ላይ መለስኩለት።

ሚስተር ማቲውና መሪጌታ ሲደርሱ አባቴ ተነሣ። ጋቢውን እንደ ወጉ አጣፋ፣ ዘንጉን ተከለ። «የኔታ፣ ተረትቻለሁ። ፈረንጁ ልክ ናቸው። ማሩን አመጣለሁ» አለ። ሚስተር ማቲው እንደ ልጅ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ እኔም ሳሌን ረስቼ ልዘል ምንም አልቀረኝ። አባቴ ግን አልጨረሰም ነበር።

«ስለዚህ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ» አለ። «እንዲህ ያለ ቦታ ልጄን አንድ ሌሊት አላሳድርም።»

የሚስተር ማቲው እጆች እንደተጋጠሙ ቀሩ፤ መተርጎም ሳያስፈልገኝ ገባቸው። ሙግቱን ረትተው እኔን ሊያጡኝ ነው። ትናንት አልበረዳትም ብሎ ሊወስደኝ ነበር፤ ዛሬ በርዷታል ብሎ ሊወስደኝ ነው። እንባዬ መጣ። ከዚያ ግን እንባ ሳይሆን ሌላ ነገር አፌ ላይ ደረሰ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከራሱ ከአባቴ ሳይሆን አይቀርም።

«አባዬ፣ ይጠየቁልኝ!» አልኩ።

እትዬ ዘርፌ «ውይ በሞትኩት!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ልጅ አባቷን፣ ያውም ሴት ልጅ! አባቴ ራሱ ደነገጠ። ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡና «ባለጉዳይ ናት፤ ትናገር» አሉ።

«ከገበያ ሲመለሱ እህሉን ቢሰፍሩት፣ ከቁናው ትንሽ ጎድሎ ቢያገኙት፣ እህሉን ይደፉታል ወይስ ይሞሉታል?»

«እሞላዋለሁ እንጂ ለምን እደፋዋለሁ?» አለ አባቴ።

«እኔም የጎደለኝ ትናንት ተሰፍሯል፤ አራት ቶግ ነው። ልክ የሌለው ብርድ ቢሆን አብሬዎት በሄድኩ። ይኼ ግን ልክ አለው። ልኩ ለታወቀ ጉድለት ለምን እደፋለሁ?»

ነፋሱ የባናውን ጫፍ ሲያራግበው ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ አባቴ ከእኔ ዞር ብሎ ወደ ሚስተር ማቲው ተመለከተ።

«ጠይቂልኝ» አለ። «አራት ቶግ ጭድ ስንት ሸክም ነው?»

ይህን ለመተርጎም ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴና ሚስተር ማቲው እጅጌያቸውን ሰብስበው ትልቅ ጆንያ በገብስ ጭድ ሲሞሉ ዋሉ። አባቴ ጭድ እንደሚከተተው ሁሉ በእግሩ እየረገጠ ሊጠቀጥቀው ሲል ሚስተር ማቲው በሚያውቋት አማርኛ «የለም! የለም! አየር ሞተ!» እያሉ ክንዱን ይጎትቱታል። አባቴ ጭድ ሳይረገጥ ሲከተት አይቶ አያውቅምና እየደጋገመ ይረሳል፤ ይረግጣል፤ ይጎተታል። ጆንያው በወስፌ ተሰፋ፤ መደቡ ላይ ቁርበቱ፣ በቁርበቱ ላይ ጭዱ ሆነ። የማገሩ ቀዳዳ በጭቃ ተደፈነ። ማሩም በሌላ ጊዜ መጣ፤ በጋይንቱ ጉንዶ። የረታውም የተረታውም ዳኛውም አንድ ላይ በዳቦ በሉት።

ሳሌ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። የወገዳዎቹ ሰዎች በጥር ሲመጡ አባቴ «ልጄ ሙግት ላይ ናት፤ አልጨረሰችም» ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ወዲህ ቶግ የሚለው ቃል ከአፉ አልጠፋም። ስማዳ ላይ ሰው በረደኝ ሲለው «ከላይህ ነው ከታችህ?» ይላል፤ ካልመለሱለት ያሳድዳቸዋል። ሚስተር ማቲው ውላቸው አልቆ ሲሄዱ የሸኘናቸው እኔና እሱ ነበርን። በርኖሱን አለበሳቸው። አገራቸው ሞቃት እንደሆነ ብነግረውም «መንገዱ አይታወቅም» አለኝ።

እኔም ስምንተኛን ጨረስኩ፣ መምህርት ሆንኩ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተመደብኩ፤ ብዙ ዓመት እዚያ አስተማርኩ። ተማሪ ሲያስልብኝ ልብስ ደርብ ብዬው አላውቅም፤ የተኛህበትን አሳየኝ ነው የምለው። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ መጥቶ ከእኔ ጋር ተቀመጠ። አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ባቄላ እየፈለፈልን ሳለ ለዓመታት ውስጤ የነበረውን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ያን ሌሊት እንደበረደዎት ያወቁት መቼ ነው?»

«እንደተጋደምኩ ነዋ» አለ። «ገና ጎኔን ሳሳርፍ ፍርዱ አለቀ።»

«ታዲያ ለምን ተነሥተው እትዬ ዘርፌ ዘንድ እሳት ዳር አልመጡም? እስኪነጋ ለምን እዚያ ቆዩ?»

ባቄላውን መፈልፈል አላቆመም። ቀና ብሎም አላየኝም።

«አንቺስ ተነሥተሽ ሄደሽ ነበር?» አለኝ።

ሜሮን ይህን ስነግራት ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ቶግ ምን እንደሆነ አሁን ከሻጩ ይልቅ ታውቃለች። አንድ ነገር ግን ሳልነግራት ቀርቻለሁ። በዚያ ብርድ ወራት ሁሉ አንድ ሌሊት ብቻ ሞቆኝ ተኝቼ ነበር፤ ያም እትዬ ዘርፌ ምድጃ ዳር ያደርኩበት ሌሊት ነው። እንቅልፌ ጥልቅ ነበር፣ አላሳለኝም፣ አልተገላበጥኩም። አባቴ በዚያው ሌሊት ከግድግዳው በስተጀርባ በእኔ ቦታ ተኝቶ ነበር። ይኸው አርጅቼም ያ ሌሊት ትዝ ሲለኝ ተነሥቼ በሩን ልከፍትለት ያምረኛል።